የጅራታም ኮከብ ቀሚስ

እናቴ የወደቀች ዕለት ቲያትር ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እኔስ ልጅ ነበርኩ። የቀሩት ግን ጢማቸውን ያበጠሩ፣ አልማዝ ያንጠለጠሉ፣ መነጽር በዓይናቸው ላይ ደቅነው የሚመለከቱ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ አሮጊት ሆኜም የዚያ ጭብጨባ ድምፅ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

እናቴ ፋይና ልቮቭና ትባላለች። ባሌት የተማረችው ፒተርስበርግ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤት፣ ገና በልጅነቷ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ተሰደድን፤ አባቴን መንገድ ላይ ተስቦ ገደለው፤ እኔና እሷ ፓሪስ ገባን። እንደኛ የሸሹ ሩሲያውያን በሚበዙበት ሰፈር ከጣራው ሥር አንዲት ክፍል ተከራየን። ጠዋት ጠዋት የምነቃው በእናቴ ጉልበት ድምፅ ነበር። የአልጋዬን ብረት ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች፤ ጉልበቷ ቀጭ ይላል።

"ተኚ፣ ታሲዬ" ትለኛለች። "እግሬን ነው የምቀሰቅሰው፤ አንቺን አይደለም።"

የምትሠራው ቦግዳን ኢሊች በሚባል ሰው የባሌት ቡድን ውስጥ ነበር። ቦግዳን ኢሊች ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልበው፣ ሰው ሲያናግር የኮቱን ቁልፍ ይዞ የሚያሽከረክር ሰው ነው። እናቴ ዋናዋ ዳንሰኛ ነበረች። አብሯት የሚደንሰው፣ የሚያነሳትና ስትዘል የሚቀበላት ደግሞ ቫዲም ነው።

አጎቴ ቫዲም እለው ነበር እንጂ አጎቴ አልነበረም። ረጅም፣ ሳቂታ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የማይለየው። ከካፌ ስኳር በኪሱ ደብቆ ያመጣልኛል፤ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ የሰፈራችንን ዳገት ይወጣል። አንድ ቀን እዚያው ትከሻው ላይ ሆኜ፣ "ማማን አግባት" አልኩት።

"ካገባኋት ማን ያነሳታል?" አለኝ። "ባል ሚስቱን አያነሳም። ወገቡን ያመዋል።"

እናቴ ከኋላችን እየመጣች እስክታስነጥስ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩን ቆርጬ ጨርሼው ነበር፤ አባቴ እሱ ነው።

በዚያ ዓመት ቦግዳን ኢሊች "ጅራታም ኮከብ" የሚል አዲስ ባሌት ሊያሳይ ተነሳ። ልብሱን የሚሠራው ሁሉም ሙሴ ላቬርን፣ አቶ ላቬርን እንደማለት፣ የሚለው ልብስ ሰፊ ሆነ። የፓሪስ ሀብታም ሴቶች በሚመጣው ወቅት ምን እንደሚለብሱ የሚወስነው እሱ ነበር። እሱ ወገብ ዝቅ ይበል ካለ የከተማው ወገብ ሁሉ ዝቅ ይላል። ልብስ ቤቱ ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። ከትርፍራፊው የብር ክር ያለበት ጨርቅ ቆርጦ ፀጉሬን አሰረልኝና፣ "ትንሽዬዋ ልዕልት" አለኝ። ወደድኩት። በዓለም ላይ ከአጎቴ ቫዲም ቀጥሎ እሱን ወደድኩት።

እናቴ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነበር። ቀሚሱ ከላይ እስከ ታች ብርማ ነው። ጉልበቷ ላይ እንደ ጠርሙስ አንገት ይጠብባትና ከዚያ በታች ረጅም ጅራት ሆኖ መሬት ይጎትታል። ሰፊዎቹ በጉልበታቸው እየዳሁ መርፌ ይሰካሉ።

"ሙሴ ላቬርን፣ ጉልበቴ ላይ ጠቦኛል" አለች እናቴ በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ። "እግሬ አይከፈትም።"

"ኮከብ እግር የለውም፣ ማዳም።"

"እኔ ግን አለኝ። መድረኩ ላይ ከሚቆመው ከዚያ ሁሉ ደረጃ ላይ ዘልዬ ነው የምወርደው። ጅራቱ ይጠልፈኛል። ትንሽ ይቀደድልኝ ወይም ይጠርልኝ።"

"ጅራቱን ከቆረጥኩት ምን ቀረው? ኮከብ አይደለም፤ ሹካ ነው የሚሆነው።"

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቦግዳን ኢሊች ቀርቦ በሩሲያኛ አንሾካሾከ። "እባክሽን ፋይና ልቮቭና፣ አታዋርጂኝ። ሰው የሚመጣው አንቺን ለማየት መሰለሽ? የሱን ቀሚስ ለማየት ነው።"

እናቴ ከጠረጴዛው ላይ ሆና አጎቴ ቫዲምን ፈለገችው። መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

"አንተ ንገራቸው። ትናንት በልምምድ ላይ እንዴት እንደጠለፈኝ አይተሃል። አየህ አይደል?"

አጎቴ ቫዲም ሙሴ ላቬርንን አየው፤ ቦግዳን ኢሊችን አየው፤ ከዚያ ፈገግ አለ። "አይዞሽ ፋይና። እኔ እዚያ ታች ነኝ። እቀበልሻለሁ።"

እንዴት ያለ ጀግና ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ ያንን ክፍል በሐሳቤ ስገባበት አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ ይዤ መጎተት ያምረኛል። ማንም ተቀበላት አላለውም። የተጠየቀው "አዎ፣ አይቻለሁ" እንዲል ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ትርዒት ዕለት የተቀመጥኩት ከማዳም ፑዦል ጋር ነው። የሕንፃችን በር ጠባቂ ናት፤ እናቴ ትኬት ሰጥታት ከኮቷ ሥር የነጭ ሽንኩርት ቋሊማ ደብቃ መጥታለች። ዙሪያችን ያሉት ሴቶች አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ፣ "ምን ያፈጣሉ? ልጅ መብላት የለባትም?" እያለች ታጎርሰኛለች።

መጋረጃው ተከፈተ። ከመድረኩ ጀርባ እስከ ጣራው የሚደርስ ሰማያዊ ደረጃ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ እናቴ ታበራለች። ከፊቷ ግራና ቀኝ የሚወርድ የብር ቆብ አድርጋለች። ጎንና ጎኗን እንዳታይ ያደረጋት ያ ቆብ ነው፤ እኔ ግን የንግሥት ዘውድ መስሎኝ ነበር። ሙዚቃው ወፍራም ሆነ፤ ከበሮው ጮኸ፤ እናቴ ዘለለች።

ጅራቱ ከኋላዋ ቀረ። ደረጃው ጠርዝ ላይ ተይዞ እንደ ገመድ ተወጠረ። እሷ አየር ላይ ዞረች፣ ብርሃኑ ሁሉ በቀሚሱ ላይ ተረጨ፣ ክንድ የሚያህል ብልጭታ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አጎቴ ቫዲም ከቆመበት ወዲህ መሬቱን መታው። እውነተኛ ኮከብ ሲወድቅ እንዲህ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ "አምላኬ፣ እንዴት ያለ ፈጠራ!" ስትል ሰማኋት።

ሙዚቃው ቀጠለ። ሌሎቹ ዳንሰኞች ዙሪያዋን ተሽከረከሩ። እናቴ በጎኗ ተኝታ ወደ መድረኩ ዳር ትመለከታለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትዘምር መሰለኝ። አጎቴ ቫዲም ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዳንሱን ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ደነሰ። ማዳም ፑዦል ብቻ አላጨበጨበችም። ቋሊማዋን እንደያዘች፣ "እግሯ... እግሯ እኮ ወዲያ ዞሯል" አለች። ተናደድኩባት። ባሌት የማታውቅ ባላገር አልኳት በሆዴ።

እናቴ ሆስፒታል ብዙ ቆየች። ዳሌዋና ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። ማዳም ፑዦል ቤቷ አሳደረችኝ፤ ምሳ አበላችኝ፤ ፀጉሬን አበጠረችኝ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከወተት ሻጩ ጋር ስታወራ ደረስኩ።

"ጋዜጣው ሰክራ ነበር ነው የሚለው" አለ ወተት ሻጩ። "አብሯት የሚደንሰው ልጅ ራሱ አፏ ወይን ይሸት ነበር ብሏል። ሩሲያውያን እኮ..."

"እኔ የነሱን ባዶ ጠርሙስ የማወጣ ሰው ነኝ!" ብላ ጮኸችበት። "ወተት ነው! ያንተው ውሃ የበዛበት ወተት!"

"ሰክራ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳት።

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አሰበች። "ደስ ብሏት ነበር ማለት ነው" አለችኝ።

እኔም አመንኩ። ማማ በጣም ደስ ስላላት ወደቀች። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ብዬ ነገርኳቸው፤ ልጆቹ እየተንከባለሉ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

እናቴ በክራንች ወደ ቤት በተመለሰች ሳምንት አጎቴ ቫዲም መጣ። የኬክ ካርቶን በቀይ ሪባን አስሮ ይዟል። እየሮጥኩ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ፋይና፣ ስሚኝ..." አለ።

"አስቀምጠው።"

"ስሚኝ ብቻ። ቦግዳን..."

"አስቀምጥና ውጣ ነው የምልህ። ልጄ ፊት ምንም አልናገርም።"

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። እናቴ መስኮቱን ከፈተች፣ ካርቶኑን አነሳችና ወደ ጎዳናው ወረወረችው። ቁልቁል ሳይ ክሬሙ የጋሪ ፈረስ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አለቀስኩ፤ መሬቱን በእግሬ ደበደብኩ። "ክፉ ነሽ! እሱ ይወደናል፣ አንቺ ክፉ ነሽ!" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ያን ቀን አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ለዓመታት የማን አንገት ላይ እንደምንጠለጠል አውቅ ነበር።

ያ ክረምት መጣና በፓሪስ ጎዳና ላይ እናቴን በየቦታው አየኋት። ሙሴ ላቬርን ቀሚሱን ለገበያ አወጣው። ጉልበት ላይ የጠበበ፣ ጅራቱ ክንድ ላይ የሚጣል፣ ብርማ ወይም ጥቁር፤ ስሙም "የወደቀች ኮከብ"። አዎ፣ እንደዚያ ብሎ ነው የሰየመው። መኪና ለመሳፈር ሁለት ሰው ደግፏቸው እየተውተረተሩ፣ እየሳቁ፣ ሴቶቹ ሁሉ ለበሱት። እኔ ፓሪስ ለእናቴ ክብር የለበሰችው መስሎኝ ነበር።

"ማማ፣ ያንቺ ልብስ! እይ፣ ያቺም! ያቺም!" እያልኩ በጣቴ እጠቁማለሁ።

እናቴ ክራንቿን እያነሳች መንገድ ትሻገራለች። እሷ በዚያን ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆማ የሌላ ሰው ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ዳሌው በተሰበረ ሰው ላይ ቆሞ መተኮስ ምን እንደሚያደርግ ሐኪም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ማታ ስትተኛ ስታቃስት ሰምቻታለሁ።

ጸደይ ላይ ሙሴ ላቬርን አዲስ ልብሶቹን በልብስ ቤቱ አሳየ። ልብሱን ለብሰው ከሚያሳዩት ልጆች አንዷ ኢራይዳ የምትባል የሕንፃችን ጎረቤት ናት፤ ዘንካታ የጄኔራል ልጅ። የዚያን ቀን እናቴ ፀጉሬን አበጠረች፣ የራሷን ነጭ ጓንት አደረገችና በጓሮ በር ገባን። ኢራይዳ ጠበቀችን።

"ፋይና ልቮቭና፣ ያባርሩኛል" አለች።

"ካስፈራሽ ተይው፣ የኔ ልጅ። አልቀየምሽም።"

ኢራይዳ የለበሰችውን ቀሚስ፣ ጥቁሩን "የወደቀች ኮከብ"፣ ወደ ላይ ስባ አወለቀችው። "ያባርሩኝ!" አለች። ሌሎቹ ልጆችም ምንም ሳይናገሩ መጥተው እናቴን አለበሷት። ክራንቿን ለኔ ሰጠችኝ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። ወርቅ ቅብ ወንበሮች፣ ላባ የሰኩ ባርኔጣዎች፣ ፊት ለፊት ሙሴ ላቬርን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አጎቴ ቫዲም ከአዲሷ ዳንሰኛ ጋር ተቀምጧል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ አላየኝም። እናቴ ግድግዳውን እየዳሰሰች ገባች። እግሯ ይጎትታል፤ ዳሌዋ በየእርምጃው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ጠባቡ ቀሚስ ያስነክሳታል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመደነቅ መሰለኝ። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የቀሚሱን ጫፍ ሰበሰበችና የተሰፋውን እግሯን አሳየች።

"ይህን ቀሚስ መጀመሪያ የለበስኩት እኔ ነኝ" አለች። "ይኸውላችሁ የወደቀችው ኮከብ። ጠጥቼ አልነበረም። ጠባብ ነው አልኩ። ለሱ ነገርኩት። ለዚያም ነገርኩት!" ጣቷ መጀመሪያ ወደ ሙሴ ላቬርን፣ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሄደ።

አንዲት ጠና ያለች ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ያን ጊዜ ሙሴ ላቬርን ተነሳ። ፊቱ እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ ግን ፈገግ አለ፤ እጆቹንም ከፍ አድርጎ ማጨብጨብ ጀመረ።

"ብራቮ! እመቤቶቼ፣ ኮከባችን ይህች ናት! ይህን ቀሚስ የወለደችልን ይህች ናት!"

ሴቶቹ እፎይ አሉ። ጓንት ያጠለቁ እጆች ሁሉ አጨበጨቡ። አፏን የያዘችውም እጇን አውርዳ አጨበጨበች። አጎቴ ቫዲምም አጨበጨበ። እናቴ ሌላ ነገር ትናገራለች፤ አፏ ሲከፈት ይታየኛል፤ ድምፅዋ ግን በጭብጨባው ውስጥ ሰምጧል። ሁለት ሰዎች መጥተው ግራና ቀኝ ደገፏት፤ ታላላቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚደገፉት አልኩ። በጓሮ በር አውጥተው ኮታችንን ከኋላችን ወረወሩት። ኢራይዳም በውስጥ ልብሷ እንዳለች ተባርራ ወጣች።

"ማማ፣ አጨበጨቡልሽ! ሁሉም! አጎቴ ቫዲምም!" አልኩ እየዘለልኩ።

እናቴ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። "አዎ፣ ታሲዬ" አለች። "አጨበጨቡ።"

ሰውን በዱላ ዝም ሲያሰኙ ኋላ ብዙ አይቻለሁ፤ ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡም አይቻለሁ። በጭብጨባ ሲያፍኑ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሙሴ ላቬርን ከነክብሩ ሞተ፤ ጎዳና ተሰይሞለታል። በዚያ ጎዳና አላልፍም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሮማን የሚባል የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ላግባሽ አለኝ፤ እሺ አልኩ። በኛ ባህል አባቷ የሞተባት ሙሽራ በአባት ቦታ ቆሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባት ሰው ትመርጣለች። እናቴ የኬኩን ካርቶን ከወረወረችበት ቀን ጀምሮ ተደብቄ ከአጎቴ ቫዲም ጋር እገናኝ ነበር፤ ካፌ ይወስደኛል፣ ጫማ ገዝቶልኛል። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ለእናቴ ነገርኳት። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

"ማንን ነው ያልሽው?"

"አጎቴ ቫዲምን። እሺ አለኝ። እንዲያውም አለቀሰ።"

ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስትተኩስ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ቦግዳን ኢሊች የሙሴ ላቬርን ስም እንዳይነሳ ሰክራ ነበር እንዳስባለ፣ ቫዲምን "ወይ ወይን ሸቶኛል በል፣ ወይ አብረሃት ውጣ" እንዳለው፣ እሱም ለጋዜጠኞቹ እንደተናገረ። ከዚያ በኋላ ሰካራም ዳንሰኛ የሚቀጥር፣ ሕፃናት እንድታስተምርለት እንኳ የሚፈቅድ ቡድን እንደጠፋ።

"መድረኩ ላይ ተኝተሽ ትዘምሪ ነበር" አልኳት።

"ምን እዘምራለሁ? መጋረጃ ነው ያልኩት። መጋረጃውን ዝጉልኝ። ቦግዳን ዳር ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር። ለቫዲምም እጄን ሲይዝ ነገርኩት። 'ጥቂት ቀርቷል፣ ቻይው' አለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ለምን እስከ ዛሬ?"

"ልጅ ነበርሽ። የምትወጂው አንድ ወንድ ነበረሽ፤ ሌላ ከየት አመጣልሻለሁ?"

"ካደግሁስ በኋላ?"

"ከዚያማ ደከመኝ፣ ታሲዬ" አለች።

ለቫዲም አትምጣ ብዬ መላክ እችል ነበር። ሮማንም እንደዚያው መከረኝ። እኔ ግን ይምጣ አልኩ።

መጣ። ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ እጁን ዘረጋልኝ። የሰፈራችን ሩሲያዊ ሁሉ ተሰብስቧል። ማዳም ፑዦልም ከነባርኔጣዋ አለች።

እጁን አልያዝኩም። "ያን ዕለት እናቴ ጠጥታ ነበር?" አልኩት።

"ታሲያ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ሠርግሽ ነው..."

"ጠጥታ ነበር ወይስ አልጠጣችም?"

ዙሪያውን አየ። ያ ፈገግታው መጣ፤ ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ተወው። "ሁላችንም መብላት ነበረብን" አለ በቀስታ።

"እሷ መብላት አልነበረባትም?"

"ታሲያ..."

"መልስልኝ!"

"አልጠጣችም።"

"ጮክ በል። ጋዜጣው ላይ ጮክ ብለህ ነው የተናገርከው።"

"አልጠጣችም!" አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ እኔን ተቆጣ። "በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ! ዛሬ እንኳ ይቅር በዪው እንጂ!" አለችኝ አንዲት የቡድኑ የድሮ ዳንሰኛ። ያን ጊዜ የት ነበርሽ አልኳት። ይቅር አላልኩትም። ከሞተም ይኸው ስንት ዘመኑ፤ አሁንም አላልኩትም።

እናቴ ክንዴን ያዘችና እየጎተተች፣ እያረፈች አስገባችኝ።

የኛ ጸሎት ረጅም ነው፤ የሚቆመውም በእግር ነው። ገና ከመጀመሩ ፊቷ ሲገረጣ ያዩ ሰዎች ከኋላ ወንበር አመጡላት። ዲያቆኑ ራሱ፣ "ፋይና ልቮቭና፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ እግዚአብሔር ይፈቅዳል" አላት።

"ውጭ ደረጃው ላይ ላለው ውሰዱለት" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግም አልሞከረችም። "መቆም ያቃተው እሱ ነው።"